ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ጨረቃ ላይ

አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር። ዘጠና አንድ ዓ.ም. መሆኑ ነው። ዕድሜዬን የማልረሳው ልደት ይከበርልኝ ስለነበር አይደለም። በዚያ ዓመት አክስቴ ከግቢያቸው አጥር ጋር የተሠራችውን ክፍል ጽሕፈት ቤት አድርገው ሲከፍቱ፣ «አሥራ ሦስት ሞልቶሻል፣ ከእንግዲህ እጅሽ ሥራ ይልመድ» ብለው ፎቶ ኮፒ ማሽኑ ፊት ስላቆሙኝ ነው።

አክስቴ የአባቴ ታላቅ እህት ናቸው። ሁላችንም እቴቴ እንላቸዋለን። አባቴን እንደ ልጅ ያሳደጉት እሳቸው ስለሆኑ በእኛም ቤት የመጨረሻው ቃል የእሳቸው ነበር። ቤታቸው ቦሌ ነው፤ ከዋናው መንገድ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ ኮረኮንቹ ላይ። አውሮፕላን ባለፈ ቁጥር የመስኮቱ መስታወት ይንዘረዘራል፣ ሰው ወሬውን ያቋርጣል፣ አውሮፕላኑ ሲያልፍ ካቆመበት ይቀጥላል። እኛ ደግሞ ገርጂ ነበርን። የያኔው ገርጂ ክረምት በቦቲ፣ በጋ በአቧራ የሚኬድበት ሰፈር ነው።

ጽሕፈት ቤቷ አንድ ኮምፒውተር ነበራት። በኪቦርዱ ላይ የአማርኛውን ፊደል በትንንሽ ወረቀት ቆርጬ የለጠፍኩት እኔ ነኝ። ማንም አላስተማረኝም። ጸሐፊዋ ስትጽፍ ከኋላዋ ቆሜ ጣቷን እያየሁ፣ እሷ ለምሳ ስትወጣ ወንበሯ ላይ እየተቀመጥኩ ለመድኩት። እንጀራዬን ያገኘሁትም በዚሁ ነው፤ ዛሬም የምጽፈው በእነዚያው ጣቶቼ ነው። አሁን የማወራው ግን ስለ ጽሕፈቱ አይደለም፤ ስለ ጌሙ ነው።

የአማርኛ መጻፊያውን ፕሮግራም ሊጭን የመጣው ቴክኒሻን ሲዲ ውስጥ የነበረ ጌምም አብሮ ጭኖልን ሄደ። «ለልጆቹ ነው» አላቸው እቴቴን። እሳቸውም ፊደል መማሪያ መስሏቸው አመሰገኑት።

ልጆቹ እኔና ወንድሜ ነን። ወንድሜ በስድስት ዓመት ይበልጠኛል። ያን ጊዜ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነበር፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሱሪው ሁልጊዜ የሚያጥረው። እሑድ እሑድ ጽሕፈት ቤቷ ስትዘጋ ከገርጂ በታክሲ እንመጣና ከሰዓቱን ሙሉ ኮምፒውተሩ ፊት እንውላለን።

ጌሙ ጨረቃ ላይ ነው። መሬቱ አመድ መስሏል፣ ሰማዩ ጥቁር ነው። አንድ ታንክ ውስጥ ትቀመጣለህ። ታንኩ ጎማ የለውም፣ ሰንሰለትም የለውም፤ ከመሬት ክንድ ያህል ተነሥቶ ይንሳፈፋል። ጠላት ሲመጣ ራስህ እየነዳህ ራስህ ትተኩሳለህ። እስከዚህ ድረስ ማንም የሚችለው ነው። ችግሩ ግን ሌሎች ታንኮችም አሉህ፤ እነሱ ካላዘዝካቸው ንቅንቅ አይሉም። አንዱን ሂድ፣ አንዱን ተከተለኝ፣ አንዱን ይህን ጠብቅ ማለት አለብህ፤ ያውም እየተተኮሰብህ። ፋብሪካም ታቋቁማለህ። ለፋብሪካው ደግሞ ብረት ያስፈልጋል፤ ብረቱ የሚገኘው ከወደቁት ታንኮች ስብርባሪ ነው። እሱን የሚለቅም መኪና ለብቻው አለ።

ወንድሜ ሁለቱን አንድ ላይ አልቻለበትም። ሲያዝ ይመታል፣ ሲተኩስ ማዘዝ ይረሳል። ስለዚህ ተካፈልን። እሱ ማውሱን ይዞ ይነዳል፣ ይተኩሳል። እኔ የወረቀት ካርቶን ገልብጬ ጎኑ እቀመጥና የቁጥሮቹን ቁልፎች እይዛለሁ። ማዘዣው በቁጥሮቹ ነው፤ መጀመሪያ የምታዘውን ታንክ ትመርጣለህ፣ ከዚያ የምትሰጠውን ትእዛዝ። የእንግሊዝኛውን ትርጉም እሱ አንዴ ነገረኝ፣ እኔ በቃሌ ያዝኩት። እንዲያ ሆኖ አንድ ሰው ለሚጫወተው ጌም ሁለት ሰው ሆንን።

«አንቺ አዛዥ፣ እኔ ሾፌር» አለኝ። ከዚያ ወዲያ ስሜን ትቶ አዛዥ ብቻ ነበር የሚለኝ።

«አዛዥ፣ ሁለቱን ላኪልኝ።»

«የትኞቹን?»

«እነዚያን ሰነፎቹን። ጥላ ሥር የተቀመጡትን።»

«ጨረቃ ላይ ጥላ የለም።»

«አንቺ ላኪ፣ ክርክሩን ማታ እናደርገዋለን።»

አንድ እሑድ አባታችን ሊወስደን መጣ። አባባ ባትላሜራ ነበር፤ የተጨረማመተ መኪና ቀጥቅጦ የሚያቃና። ጥፍሩ ሥር የገባው፣ መኪና የሚለሰንበት ስቱኮ በሳሙናም አይለቅም። በሩ ላይ ቆሞ ከኋላችን ሲያይ ቆየ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ጨረቃ ነው፣ አባባ» አለ ወንድሜ፣ ዓይኑን ሳይነቅል።

«ይቺ ወዲያ ወዲህ የምትለውስ?»

«ብረት ትለቅማለች። የተሰበረ ብረት።»

«ቁራሌ ነዋ።» አባባ ጎኑን ይዞ ሳቀ። «ሾላ ገበያ በር ላይ ስንት ሆነው ይጋፋሉ፣ ለካ እዚያም ደርሰዋል።»

ከዚያ ወዲያ ብረት የምትለቅመዋ መኪና ስሟ ቁራሌ ሆነ። አባባ ግን አልሄደም። ወንድሜ የሚነዳው ታንክ ሲመታ ጠጋ ብሎ አየ፤ ደንበኛ መኪናውን ይዞለት እንደመጣ ሁሉ ጣቱን ስክሪኑ ላይ አሳረፈ።

«በቀኝ በኩል ገብቷል። በሩን አውልቀህ ከውስጥ ነው መቀጥቀጥ።»

«በር የለውም እኮ፣ አባባ።»

«በር የሌለው መኪና ማን ይሠራል? ታዲያ ሰውዬው በምን ይወጣል?»

አባባም እየሳቀ ወጣ። ጤነኛ ሆኖ ያየሁት የመጨረሻው ሳቅ እሱ ይሁን አይሁን እርግጠኛ አይደለሁም፤ ሳስታውሰው ግን ሁልጊዜ የሚመጣልኝ እሱ ነው።

ከፋሲካ በኋላ ዓይኑ ቢጫ ሆነ። ጉበት አሉ። ሆስፒታል ገባ፣ እናቴ ለማስታመም አብራው ገባች። የወንድሜ ማትሪክ ደግሞ ሊደርስ አንድ ወር አልቀረውም። እቴቴ ሁለታችንንም ወደ ቤታቸው ወሰዱን። ለወንድሜ ጓዳ በኩል ያለችውን ክፍል ለቀቁለት፣ ጠረጴዛ አስገቡለት። ከዚያ ወደ ጽሕፈት ቤቷ ሄደው የማውሱን ገመድ ነቀሉና መሳቢያ ውስጥ ቆልፈው ቁልፉን አንገታቸው ላይ አሰሩት። ጸሐፊዋ ስትመጣ ይከፍቱላታል፣ ስትሄድ ይቆልፋሉ።

«ፈተናው ሲያልቅ» አሉት። «እስከዚያ ጨረቃህ ትጠብቅህ።»

እቴቴ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ይህን አስቀድሜ መናገር አለብኝ። የእሳቸውና የአባቴ አባት ሲሞት አባቴ ትምህርት ቤት ነበር። ጎበዝ ነበር አሉ፣ ከክፍሉ አንደኛ የሚወጣ። ለለቅሶው ጠርተው አመጡት። ለቅሶው ሲያልቅ እርሻው ነበር፣ ከብቱ ነበር፣ አንዱ ነገር ሌላውን እየጎተተ አልተመለሰም። ከዚያ አዲስ አበባ መጥቶ መዶሻ ያዘ። እቴቴ ይህን ሲያወሩ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው የሚያወሩት። «እኔ ነኝ ሄጄ ከክፍል የጠራሁት» ይላሉ።

ማትሪኩ ማክሰኞ ጀመረ፤ ሦስት ቀን ነው። ወንድሜ የፈተናውን ወረቀት እንዳስረከበ ቤት ብቅ ብሎ፣ የሚወሰድ ነገር ካለ ይዞ ወደ ሆስፒታል ነው የሚሄደው። የአባባ አልጋ ምድር ቤት፣ መስኮቱ አጠገብ ነበር። ጠያቂ በማይገባበት ሰዓት እንኳ በአትክልቱ በኩል ዞሮ በመስኮቱ ያየዋል። ማክሰኞም እንዲያ አድርጎ መጣ። አባባ ሒሳቡ እንዴት ነበር ብሎ ጠየቀኝ አለን።

ረቡዕ ጠዋት ወንድሜ ሁለት እስክሪብቶና አንድ ዳቦ ይዞ ወጣ። እኔ ትምህርት ቤቴ ለተፈታኞች ስለተለቀቀ ቤት ነበርኩ። ሁለት ሰዓት ተኩል ሲሆን የእቴቴ ስልክ ጮኸ። ያነሡት ቆመው ነው፤ ሲሰሙ ቆይተው «እሺ» አሉ፣ «እሺ» አሉ፣ አስቀመጡት። ከዚያ ጠሩኝና በር ዘጉ።

«አባትሽ ሌሊት ዐርፏል» አሉኝ።

እንዲህ ነው የነገሩኝ። በአገራችን መርዶ እንዴት እንደሚነገር ሁሉም ያውቃል፤ ሰው ተሰብስቦ፣ በማለዳ፣ ከጎንና ከጎን የሚይዝሽ ሰው ተዘጋጅቶ ነው። ለእኔ ያን ያህል ጊዜ አልነበረም። አፌን ስከፍት እጃቸውን ከንፈሬ ላይ አደረጉት።

«ዛሬ አይደለም፣ ልጄ። ነገ ሌላ ፈተና አለው። ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው፣ ገርጂ ጊዮርጊስ። አሁን ከሰማ አለቀ፤ እንደ አባቱ መሆኑ ነው። አንቺ እዚህ ትያዥዋለሽ።»

«እኔስ?» አልኩ። አባቴ አይደለም ወይ ማለቴ ነበር። አልገባቸውም፤ ወይም ገብቷቸው አለፉት።

«አንቺን ያምንሻል። ሆስፒታል ዛሬ ጠያቂ አያስገቡም በይው፤ ሐኪሙ ዕረፍት አዟል በይው።»

ከዚያ አንገታቸው ላይ ያለውን ቁልፍ ፈትተው መሳቢያውን ከፈቱ፤ ማውሱን ከነገመዱ መዳፌ ላይ አስቀመጡት።

«ስጪው። ይጫወት።»

ጸሐፊዋን ገና ከመግባቷ ወደ ቤቷ ሸኟት። ፊቴን በቀዝቃዛ ውኃ ሁለት ጊዜ አሳጠቡኝ። ከቤት ሲወጡ ሰማያዊ ሹራብ ደርበው ነበር፤ ከሥሩ ጥቁር ቀሚስ ለብሰዋል።

ወንድሜ ሰባት ሰዓት ላይ ደረሰ። የእንግሊዝኛው ፈተና ቀሎት ነበር መሰለኝ ከበሩ ጀምሮ ያፏጫል። ቦርሳውን ይዞ ወደ ሆስፒታል ሊሄድ ነበር የመጣው፤ ለአባባ የሚወሰድ ነገር ካለ ብሎ። እንደታዘዝኩት ነገርኩት። ትንሽ ቅር አለው። ከዚያ ማውሱን ጠረጴዛው ላይ አየው።

«ይሄ ደግሞ?»

«እቴቴ ናቸው። ተጫወት አሉህ።»

«እቴቴ? ራሳቸው?» ሳቀ። «በማትሪክ መሐል? አዛዥ፣ ሰረቅሽው እንዴ?»

«እውነቴን ነው።»

ማውሱን አንሥቶ አገላበጠው። ያ ማውስ እኮ መርዶ ነበር። እቴቴን የሚያውቅ ሰው ሁሉ ከዚያ ማውስ ሊያነበው ይችል ነበር። ወንድሜ ግን አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ አንድ ወር ሙሉ ጨረቃዋን አላያትም። ቦርሳውን አስቀመጠ።

አንድ ሳናልፈው የቀረን የጌሙ ደረጃ ነበር። አንዲት ዕቃ የጫነች ዝግተኛ መኪና ሸለቆውን አቋርጣ ማረፊያው ድረስ መድረስ አለባት። እሷ ከተመታች ሁሉም ነገር ያልቃል፣ ከመጀመሪያው ትጀምራለህ። አካሄዷ ስለሚያናድድ እማማ ብለናት ነበር። ስንት እሑድ እዚያው ሸለቆ ውስጥ ገደሏት።

ካርቶኔ ላይ ተቀመጥኩ። ጣቶቼን ቁጥሮቹ ላይ አደረግሁ። ጣቶቼ ሥራቸውን ያውቁት ስለነበር እኔ አላስፈልጋቸውም ነበር።

«ሁለቱን ከእማማ ጎን። አንዱ ከፊቷ።»

«እሺ።»

«ቁራሌውን አስገቢው፣ ይመታል።»

ቁራሌውን ሲል አባባ ከኋላችን የቆመ መሰለኝ። ዞር አላልኩም።

እንዲያው እግዜር መብራቱን እንኳ ቢያጠፋው ብዬ ለመንኩ። በዚያ ሰሞን ከሰዓት መብራት ሳይጠፋ የዋለበት ቀን አልነበረም፤ ከጠፋ ወንድሜ ተነሥቶ ይሄዳል፣ እኔም አልከለክለውም ነበር። ያን ቀን ብልጭ እንኳ አላለም።

ስምንት ሰዓት ካለፈ በኋላ በሩ ተንኳኳ። የእቴቴ ጎረቤት ናቸው። ነጠላቸውን ዘቅዝቀዋል፤ ጥለቱ አንገታቸው ላይ ነው። ዓይናቸው ቀልቷል። ወንድሜ ጀርባውን ሰጥቶ ነበር። ካርቶኑን ገልብጬ ተነሣሁና በሩን ከኋላዬ ዘግቼ ወጣሁ።

«እቴቴሽ ሄዱ? አብረን እንድንሄድ ብዬ ነበር» አሉ። ከዚያ በመስኮቱ ወደ ውስጥ አዩ፣ ወንድሜን አዩት፣ ስክሪኑንም አዩት። «አልሰማም?»

«አልሰማም» አልኩ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

ሴትየዋ ጉንጬን ነክተው ሄዱ። ስመለስ ወንድሜ «ማናቸው?» አለኝ።

«ማመልከቻ ሊያስጽፉ ነው። ነገ ይምጡ አልኳቸው።»

«እማማን አስመታሻት ነበር እኮ፣ አዛዥ። ሥራ ጥሎ መሄድ አለ?»

ስምንት ሰዓት ተኩል አካባቢ ድንገት ጌሙን አቆመው። ወንበሩን ወደ ኋላ ገፍቶ ተንጠራራ፣ ጃኬቱን አነሣ።

«በቃ፣ እኔ አባባን ላየው ልሂድ።»

«አያስገቡም አልኩህ እኮ።»

«በመስኮት አየዋለሁ። እንግሊዝኛውን ልንገረው፤ ትናንት ሒሳቡን ጠይቆኝ ነበር።»

ቆመ። አንድ እጁ ጃኬቱ ውስጥ ገብቷል። እዚህ ላይ እቴቴ ያዘዙኝ አልቆ ነበር። ሆስፒታል ቢሄድ አልጋው ባዶ ነው፤ አስታማሚዎቹ ይነግሩታል። ከዚያ ታክሲ ቢይዝ ቀብሩ ሳያልቅ ገርጂ ይደርሳል። ያን ሰዓት ሒሳቡን ሠርቼዋለሁ፤ ይደርስ ነበር። አብሬው ብወጣ እኔም እደርስ ነበር።

«ይቺን ብቻ እንጨርስ» አልኩት። «ደርሰናል እኮ። እኔ ብቻዬን ማሽከርከር አልችልም።»

ይህን ቃል ማንም አልሰጠኝም፤ የራሴ ነው። ለምን እንዳልኩት ስንት ዓመት አሰብኩ። እቴቴን ፈርቼ ነው እል ነበር፣ እሱ ግን ግማሹ ነው። ሌላው ግማሽ ይሄ ነው፦ እሱ እስካላወቀ ድረስ በዚያች ክፍል ውስጥ አባባ አልጋው ላይ ተኝቶ ስለ እንግሊዝኛው ፈተና ሊጠይቅ ይጠብቃል። በሩን ከፍቶ ከወጣ አባባ ይሞታል። ሁለተኛ እንዲሞት አልፈለግሁም።

ጃኬቱን ወንበሩ ላይ መልሶ ጣለው። «ይቺን ብቻ» አለ።

እማማ ሸለቆውን ስታቋርጥ አውሮፕላን አለፈ፣ መስታወቱ ተንዘረዘረ። ወንድሜ ትከሻው ጆሮው ድረስ ተሰብስቦ ይተኩሳል። ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየሁት፤ ዘጠኝ ከአምስት። እዚያ አሁን ካህናቱ ምን ላይ ይሆኑ? ሬሳውን ከፊት የሚሸከመው ማን ይሆን?

«አዛዥ፣ የት ነሽ? ጠብቂያት፣ ጠብቂያት።»

ቁልፉን ተጫንኩ። ጠብቁ የሚለውን ቁጥር። ሁለቱ ሰነፎች ለመጀመሪያ ጊዜ በሰዓቱ ደረሱ። እማማ ማረፊያው ላይ ወጣች፣ መብራት በራላት፣ የፈረንጁ ድምፅ እንኳን ደስ ያላችሁ አለን። ወንድሜ ወንበሩን አሽከርክሮ አቀፈኝ። ያን ጊዜ አለቀስኩ። በደስታ መሰለው።

«ታለቅሻለሽ እንዴ አንቺ? ለአባባ ስነግረው ይስቅብሻል።»

አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን እቴቴ መጡ። ሰማያዊ ሹራባቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈዋል፣ ፊታቸውን ታጥበዋል። ሚሪንዳና ሳምቡሳ ይዘውልን ነበር። ወንድሜ ቁልቁል አይቶ፣ «እቴቴ፣ ጫማዎትን ምን ነካው?» አላቸው። የጫማቸው ጠርዝ ላይ ቀይ አፈር አለ፤ እርጥብ።

«ሾላ ገበያ ሄጄ ነበር» አሉ። «ጭቃ ነው።»

ዝናብ አልዘነበም ነበር። እሱ ግን ሳምቡሳውን ይበላል። እኔ አፈሩን አየሁት። ከአባቴ ቀብር የደረሰኝ ያ ነው።

ሐሙስ ተፈትኖ ጨረሰ። ከሰዓቱን እቴቴ «አባትህን ነገ አብረን እንጠይቀዋለን» ብለው ጸጉር አስተካካይ ጋ ላኩት፣ ራሱን አሞት ስለነበር ቶሎ ተኛ። ዓርብ ማለዳ የእናቴ ወንድምና ሁለት ሽማግሌዎች መጡ፤ ነጭ ለብሰው። እናትህ ትፈልግሃለች አሉት። ሚኒባሱ ውስጥ ወደ እኔ ዞሮ «አባባ ባሰው እንዴ?» አለኝ። መንገዱን አየሁ።

የገርጂው ቤታችን ጋ ስንደርስ የእድሩ ድንኳን ቆሟል። ሰው ከውስጥ ተነሥቶ እንደ አዲስ ማልቀስ ጀመረ። ወንድሜ ደጃፉ ላይ ቆመ። አላለቀሰም። ድንኳኑን ነበር የሚያየው። ገመዱ ላልቷል፣ አግዳሚዎቹ ሥር ያለው ሣር ተረግጦ ጠፍቷል፣ ሠልስት ሊወጣ ነው። የዛሬ ድንኳን አለመሆኑን ማንም አልነገረውም፤ አየው።

ሽማግሌዎቹ ክንዱን ሊይዙት ሲሉ ወደ እኔ ዞረ።

«መቼ?»

«ረቡዕ።»

«ስንት ሰዓት?»

«ዘጠኝ ሰዓት።»

ከንፈሩ ሲያስላ ይንቀሳቀስ ነበር። «ዘጠኝ ሰዓት ላይ» አለ ቀስ ብሎ፣ «ጨረቃ ላይ ነበርን።»

ስለዚያች ረቡዕ ከዚያ ወዲያ አንሥቶብኝ አያውቅም። ሬሳውን ከፊት የተሸከሙት የጋራዡ ጓደኞቹ እንደነበሩ እናቴ ናት የነገረችኝ። ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆማ «ልጄስ?» ብላ ስትጠይቅ፣ «ፈተና ላይ ነው» አሏት። እሷም አመነች። ስለ እኔ የጠየቀ አልነበረም።

ለአርባው ወንድሜ አባባ ይሠራበት ወደነበረው ጋራዥ ሄደ። ከወዳደቀ የመኪና ኮፈን ላይ ቁራጭ ቆርጦ፣ በአባባ መዶሻ ቀጥቅጦ ለመቃብሩ መስቀል ሠራ። መዶሻ ይዞ ስለማያውቅ መስቀሉ ጎርባጣ ነበር። የጋራዡ ሰዎች እናቃናልህ ሲሉት እንቢ አለ፤ እንደ ጎረበጠ ተከለው።

ውጤቱ ሲመጣ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ነበር፤ ያውም በጥሩ። እቴቴ ወረቀቱን ይዘው ለጎረቤት ሁሉ አሳዩ፣ ከዚያ ጽሕፈት ቤቷ መጥተው «አየሽ?» አሉኝ። አየሁ። እውነታቸውን ነበር። ወንድሜ ያን ቀን እጃቸውን ስሞ «እግዜር ይስጥልኝ» አላቸው። ዕቃውን ሸክፎ ሲሄድ በመስኮት ጎንበስ ብሎ፣ «ያቺን ጌም አጥፊያት» አለኝ። አዛዥ አላለኝም። ማጥፋት እንዴት እንደሆነ አላውቅም ነበር፤ ሦስት ቀን ስነካካ ዋልኩና አገኘሁት። ኮምፒውተሩ እርግጠኛ ነሽ ወይ ብሎ ጠየቀኝ፤ ከዚያ ጠፋች።

አንድም ቀን አልወቀሰኝም። በዓል ሲሆን ይደውላል፣ ስታመም ይመጣል፣ ሠርጌ ላይ በአባባ ቦታ የቆመው እሱ ነው። ይቅርታ ልለው ስንት ጊዜ አፌን ከፈትኩ። ሲገባው ስለ ሌላ ነገር ያወራል። እቴቴ ራሳቸው አርጅተው ከማለፋቸው በፊት አንድ ከሰዓት አልጋቸው አጠገብ አስቀምጠውኝ፣ «ያን ቀን አንቺንም መውሰድ ነበረብኝ» አሉኝ። ወንድሜን ሳይሆን እኔን። ከሃያ ዓመት በኋላ፣ ያች «እኔስ?» ያልኳት ነገር እንደገባቻቸው ያን ጊዜ አወቅሁ።

እናታችን የሞተችው ቦሌ አራብሳ፣ የወንድሜ ኮንዶሚኒየም ቤት ነው። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ነበር። የእሱ ትልቋ ልጅ ያን ቀን የስምንተኛ ክፍል ፈተና ልትፈተን የእናቷ እህት ቤት አድራ፣ ከዚያው ወደ ፈተናው ሄዳለች። ቤቱ ውስጥ የነበርነው ሁሉ፣ ከእኔ ጀምሮ፣ ትጨርስ፣ ከሰዓት እንነግራታለን አልን። ወንድሜ ሰማን። ከዚያ ጫማውን አስሮ ወጣ፤ እኔም ተከተልኩት።

ትምህርት ቤቱ በር ላይ ዘበኛው አላስገባም አለ፤ ነገሩን ነገረው፣ አስገባን። የፈተናው ኃላፊ ወጥቶ፣ «ሁለት ሰዓት ብቻ ቢታገሡ ትጨርሳለች፣ ለልጅቷም ጥሩ ነው» አለ። ወንድሜ «ይጥሩልኝ» አለ። ልጅቷ እርሳሷን እንደያዘች መጣች። ጎንበስ ብሎ ሁለት ትከሻዋን ያዘ።

«አያትሽ ጠዋት ሞታለች። ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ተመልሰሽ መጨረስ ትችያለሽ፣ ጨርሰሽም ትደርሻለሽ፤ እኔ እዚሁ ቆሜ እጠብቅሻለሁ። አሁን መምጣትም ትችያለሽ። ያልሽው ይሆናል።»

ልጅቷ ወደ ክፍሉ አየች፣ ወደ እኔ አየች፣ ከዚያ ፊቷን ሆዱ ላይ ደፋች። እርሳሱን ከእጇ ወስዶ ለኃላፊው ሰጠው፤ እጇን ይዟት፣ እያለቀሱ እስከ ታክሲው ድረስ በእግራቸው አብረው ሄዱ። ቀብሩ ላይ ከፊት አቆማት። ፈተናውን በሚቀጥለው ዓመት ወሰደች፤ በመጀመሪያው ቀን ራሱ ነው ያደረሳት፣ እስክትወጣም በሩ ላይ ቆሞ ዋለ።